ልጅ ከመፀነሱ 3 ወር በፊት፦ ለባልና ሚስት የዝግጅት መመሪያ

የወንድ ዘር በአንድ ቀን አይሠራም። ከመነሻው ሴል ተነሥቶ ራስና ጭራ እስኪያወጣ 74 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ከዚያም መዋኘት እስኪችል ሌላ ሁለት ሳምንት ያህል በቱቦ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ግንቦት ላይ የሚመረመር የዘር ፈሳሽ የሚመሰክረው ስለ የካቲትና መጋቢት አኗኗር ነው። የሴቷ እንቁላል ደግሞ አብራት የተወለደች ብትሆንም፣ ለመውጣት የምትበስልበት የመጨረሻ ጊዜ እሱም ወደ 3 ወር ይጠጋል።

ብዙ ጥንዶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ባል ጫቱን ሁለት ሳምንት ይተውና «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ ይመለሳል። ወይም ሚስት ብቻዋን ቡና ትተዋለች፣ ክኒን ትውጣለች፣ ጠበል ትመላለሳለች፤ ባል ግን እንደቀድሞው ይኖራል። ለመፀነስ ከሚቸገሩ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ችግሩ በወንዱ በኩል ወይም በሁለቱም በኩል ነው። ዝግጅቱ ለሁለቱም፣ ቢያንስ ለ90 ቀን ካልሆነ ልፋቱ ግማሽ ነው።

መጀመሪያ፦ 3 ወር መጠበቅ የሌለባቸው

አኗኗርን ማስተካከል የተዘጋ የማህፀን ቱቦ አይከፍትም፤ ዕድሜንም አይመልስም። ሚስት 35 ዓመት ከሞላት 6 ወር ሞክሮ ሐኪም ማየት ነው፤ 40 ከደረሰች ዛሬውኑ። ከ35 በታች ከሆነች አንድ ዓመት መሞከር ይቻላል፤ ጤነኛ ከሆኑ ወጣት ጥንዶች ከ100 ውስጥ 85 ያህሉ በዚያ ዓመት ውስጥ ይፀንሳሉ።

የወር አበባዋ በ2 ወይም በ3 ወር አንዴ ከሆነ፣ ወይም ከናካቴው ከቀረ፣ የማህፀን ኢንፌክሽን ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና ካሳለፈች፣ የሳንባ ነቀርሳ ታማ ከሆነ (ቲቢ ማህፀንና ቱቦ ውስጥም ይገባል) ዓመት አትጠብቁ። በወንዱ በኩል ከጉርምስና በኋላ ጆሮ ደግፍ የያዘው፣ በልጅነቱ ቆለጡ ያልወረደለት ወይም በቆለጡ ከረጢት ውስጥ እንደ ትል የተጠማዘዘ ደም ሥር የሚዳስስ ሰው ቀድሞ ይመርመር።

አንድ የሂሳብ ጉዳይ አለ። ባል ዱባይ ወይም ሪያድ፣ ሚስት አዲስ አበባ ሆነው በዓመት አንድ ወር የሚገናኙ ጥንዶች «ሦስት ዓመት ሞከርን» ይላሉ። የሞከሩት ግን ሦስት ወር ነው። አብሮ ያልተኖረበት ወር አይቆጠርም። ፈቃድ ሲወጣ የአውሮፕላን ትኬቱን በሚስት የወር አበባ አቆጣጠር መቁረጥ፣ ከብዙ ቫይታሚን የበለጠ ይጠቅማል። ለወራት ያልወጣ ዘር እንቅስቃሴው የደከመ ስለሚሆን፣ ባል ለም ከሆኑት ቀኖች ቢያንስ 3 ወይም 4 ቀን ቀድሞ ቢደርስ ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ርካሹን ምርመራ አስቀድሙ

ሚስት ለቱቦ ራጅና ለሆርሞን ምርመራ ከመሮጧ በፊት ባል የዘር ፈሳሽ ምርመራ ያድርግ። ዋጋው አነስተኛ ነው፣ አያምም፣ ብዙ ጥያቄ ይመልሳል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አሰጣጡ ላይ ነው፦

ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ከ2 ቀን ካነሰ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ከ7 ከበለጠ እንቅስቃሴው ይዳከማል። ናሙናው የሚወሰደው በእጅ፣ ቤተ ሙከራው በሚሰጠው ዕቃ ነው። ምራቅ፣ ሳሙና፣ ቅባት መጠቀም አይገባም፤ በተራ ኮንዶምም መሰብሰብ አይሆንም። መጀመሪያ የሚወጣው ጠብታ ብዙውን ዘር የያዘ ስለሆነ እሱ ከፈሰሰ ለባለሙያው መንገር ግድ ነው፤ አለዚያ ጤነኛ ሰው ችግረኛ ሆኖ ይመዘገባል። ከቤት የሚመጣ ከሆነ በውስጥ ኪስ፣ ገላ አጠገብ ሞቅ ብሎ፣ ከ1 ሰዓት ባነሰ ጊዜ መድረስ አለበት። በአዲስ አበባ መንገድ ይህን ማረጋገጥ ካልቻላችሁ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ መስጠት ነው።

ውጤቱን ስትቀበሉ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ የታችኛው ወሰን ይህ ነው፦ መጠኑ 1.4 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘር፣ ከጠቅላላው 42 በመቶ የሚንቀሳቀስ፣ 30 በመቶ ወደ ፊት የሚዋኝ፣ 4 በመቶ ትክክለኛ ቅርጽ ያለው። «4 በመቶ» የሚለው ብዙ ወንድ ያስደነግጣል፤ 96 በመቶው ቅርጹ የተዛባ መሆኑ ግን በጤነኛ ወንድም የተለመደ ነው። ከወሰኑ በታች የወጣ ውጤት በአንድ ምርመራ አይፈረድበትም። ባለፉት 3 ወራት ወባ፣ ታይፎይድ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት ከነበረ ቀኑን ጻፉና ምርመራውን 3 ወር ቆይታችሁ ድገሙት።

በዚያው ጉዞ ሁለታችሁም ለአባላዘር በሽታዎች ተመርመሩ። ክላሚዲያና ጨብጥ በሴት ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳዩ ቱቦ ይዘጋሉ። ከፋርማሲ በግምት አንቲባዮቲክ ገዝቶ አንዱ ብቻ መውሰድ ደግሞ በሽታውን ከባል ወደ ሚስት፣ ከሚስት ወደ ባል ማመላለስ ነው።

ደረጃ 2፦ ቀኑን በትክክል መቁጠር

በአንድ ዙር (ከአንድ የወር አበባ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ) ውስጥ መፀነስ የሚቻለው 6 ቀን ያህል ብቻ ነው፦ እንቁላሏ የምትወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ያሉት 5 ቀናት። ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ይቆያል፤ እንቁላሏ ግን ከወጣች በኋላ የምትኖረው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። ስለዚህ ዘሩ ቀድሞ ደርሶ መጠበቅ አለበት። «ዛሬ ወጥታለች» ብሎ መሯሯጥ ብዙ ጊዜ ያረፈደ ነው።

የዙር ቀን 1 ማለት ደም በግልጽ መፍሰስ የጀመረበት ቀን ነው፤ ቡናማ ነጠብጣብ አይቆጠርም። ቢያንስ 6 ዙር መዝግባችሁ ከአጭሩ ዙር 18፣ ከረጅሙ 11 ቀንሱ። አጭሩ 26፣ ረጅሙ 31 ከሆነ ለሙ ጊዜ ከ8ኛው እስከ 20ኛው ቀን ይሆናል። በእኛ ዘመን አቆጣጠር የምትመዘግቡ ከሆነ ጳጉሜን አትርሱ። ነሐሴ 20 የጀመረ የወር አበባ መስከረም 12 ተመልሶ ከመጣ ዙሩ 27 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀኗን የዘነጋ ሰው 22 ብሎ ይጽፍና «ዙሬ ተዛባ» ብሎ ይጨነቃል።

ቁጥሩን በአካል ምልክት አጣሩት። እንቁላል ሊወጣ ሲል የማህፀን በር ፈሳሽ ይበዛል፣ ይጠራል፣ በሁለት ጣት መካከል ሲለጠጥ እንደ እንቁላል ነጭ ሳይበጠስ ይሳባል። ይህን ባየችበት ቀንና በማግስቱ መገናኘት ከሁሉም ይበልጣል። በሽንት የሚሠራው የእንቁላል መውጫ መመርመሪያ ወረቀት ሁለቱ መስመር እኩል ሲደምቅ እንቁላሏ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ እንደምትወጣ ያመለክታል።

በለሙ ጊዜ በየቀኑ ወይም አንድ ቀን እየዘለሉ መገናኘት በቂ ነው። ዘር «ለማጠራቀም» ሳምንት መታቀብ አይረዳም። ከግንኙነት በኋላ እግርን ግድግዳ ላይ መስቀልም እንዲሁ፤ ዘሩ በደቂቃዎች ውስጥ የማህፀን በር ይደርሳል። የሚጎዳው ሌላ ነው፦ ለማለስለሻ ምራቅ፣ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት መቀባት፣ ብልትን በሳሙና ወይም በሎሚ ውስጡ ድረስ መታጠብ። ውጫዊውን በውኃ ማጠብ ብቻ በቂ ነው።

ጾም ጉዳይም አለ፤ ሐኪም ቤት ብዙም አይነሣም። በጾም ወቅት ከመኝታ የሚለዩ ኦርቶዶክሳውያን ጥንዶች ረቡዕንና ዓርብን ብቻ ቢያከብሩ የሚያጡት ነገር ጥቂት ነው፤ በመካከል ያሉት ቀናት ለሙን ጊዜ ይሸፍናሉ። ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን ነው፤ ወደ ሁለት ዙር ሙሉ ያልፋል። የነቢያት ጾም ከ40 ቀን በላይ ነው፤ ፍልሰታ 15 ቀን። ሁሉም ሲደመር አንድ ዓመት የሞከሩ የሚመስላቸው ጥንዶች በእርግጥ የሞከሩት 7 ወይም 8 ዙር ሊሆን ይችላል። ጾሙን ጠብቆ ወሮቹን በልኩ መቁጠር አንዱ መንገድ ነው፤ በተለይ ዕድሜ ከገፋ ከንስሐ አባት ጋር በግልጽ መነጋገር ሌላው። ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾምባቸው ለዚህ የተመቹ ናቸው። በረመዳን የሚታቀቡት ቀን ቀን ብቻ ስለሆነ ዙር አይጠፋም፤ ድካሙን አይቶ ሌሊቱን ማመቻቸት ነው።

ደረጃ 3፦ የሚቆሙ ነገሮች

ሲጋራና ሺሻ ለሁለቱም ሙሉ በሙሉ ይቁሙ። የምታጨስ ሴት የወር አበባዋ ከሌሎች ከ1 እስከ 4 ዓመት ቀድሞ ይቋረጣል፤ ማለትም እንቁላሏ ቀድሞ ያልቃል። ባሏ ቤት ውስጥ ቢያጨስ ጭሱ ይደርሳታል። «ሺሻ በውኃ ስለሚጣራ አይጎዳም» የሚለው ስሕተት ነው፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ ሰዓት የሺሻ ቆይታ የሚሳበው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ነው።

ጫትን ለብቻው ነጥሎ ማየት አስቸጋሪ ነው፤ ብቻውን አይመጣምና። የመን ውስጥ በሚቅሙ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት የዘር መጠን፣ ቁጥርና እንቅስቃሴ መቀነሱን አሳይቷል። በዚያ ላይ ጫት ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ሲጋራ ያስከትላል፣ ማታ «ጨብሲ» ተብሎ ቢራ ወይም አረቄ ይጠጣበታል። ቅጠሉ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይም አለ፤ ማጠብ ሁሉን አያስለቅቅም። በየቀኑ የሚቅም ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም የመጀመሪያውን ሳምንት እንቅልፍ፣ ድብርትና ቁጣ ሊበረታበት ይችላል። ያን ሳምንት ሥራ ከማይበዛበት ጊዜ ጋር ማገጣጠም፣ በበርጫ ሰዓት ከቤት ወጥቶ መራመድና ከቃሚ ጓደኛ መራቅ ይረዳል። ጨብሲው ከጫቱ ጋር አብሮ ካልቀረ ግን ጉዳዩ ግማሽ ነው።

መጠጥን በተመለከተ፣ ለሚስት ያለው አስተማማኝ መጠን ዜሮ ነው፤ ማርገዟን የምታውቀው ፅንሱ ሁለት ሳምንት ካለፈው በኋላ ስለሆነ። ለባል አለመጠጣት ይሻላል። ከጠጣ ደግሞ በሳምንት ከ8 ጠርሙስ ቢራ አይበልጥ፤ ያም በአንድ ቅዳሜ ተጠራቅሞ ሳይሆን ተከፋፍሎ። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ንጹሕ አልኮል አለው። የቤት አረቄና ጠጅ ጥንካሬያቸው ከቤት ቤት ስለሚለያይ በብርጭቆ መለካት አይቻልም፤ እነሱን መተው ነው።

ቡና መተው አያስፈልግም። ለሚስት የሚመከረው የካፌይን ወሰን በቀን 200 ሚሊ ግራም ነው። አቦሉ ወፍራም ነው፤ ሦስቴ በሚፈላበት ቤት ከአቦል አንድ፣ ከቶና አንድ ስኒ ወስዶ ማቆም ጥሩ ልማድ ነው። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረትን ስለሚያስቀሩ ከበሉ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ጠጡ።

ደረጃ 4፦ ሙቀትና ሥራ

ቆለጥ ከሆድ ውጭ የተንጠለጠለው በምክንያት ነው፤ ዘር የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ሲል ነው። ሳውና፣ ስቲምና የሞላ ሙቅ ባኞ ለ3 ወር ይቅሩ። ላፕቶፕ ጭን ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ከጅቡቲ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር በየ2 ሰዓቱ ወርዶ 10 ደቂቃ ይራመድ፤ የዳቦ ቤት ምድጃ ፊት የሚሠራ ሰው ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ይልበስ፣ በየመሐሉ ይውጣ።

በዝዋይ፣ በሆለታ ወይም በደብረ ዘይት የአበባ እርሻዎች የሚሠሩ ሁለት ነገር ይጠብቁ፦ ከተረጨ በኋላ ግሪንሃውሱ ውስጥ መግባት የሚፈቀድበት ሰዓት ሳይደርስ አለመግባት፣ የሥራ ልብስን እዚያው ቀይሮ ከቤት ልብስ ለይቶ ማጠብ። ባትሪ የሚጠግንና ቀለም የሚቀባም ከእርሳስ ብናኝ እንዲሁ ይጠንቀቅ።

ደረጃ 5፦ መድኃኒት፣ መርፌና የባህል መድኃኒት

ጂም ውስጥ ለጡንቻ የሚወጋ ቴስቶስትሮን ወንድነትን የሚጨምር ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፣ ዘሩ እስከ ዜሮ ይወርዳል። ካቆሙት በኋላ ለመመለስ 6 ወር፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይወስዳል።

ለራስ ምታትም ለወገብም እንደ ከረሜላ የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እንቁላሏ ከከረጢቷ እንዳትወጣ ሊያግዱ ይችላሉ። በዙሩ አጋማሽ ሕመም ካለ ፓራሲታሞል ይመረጣል። ለደም ግፊት፣ ለሚጥል በሽታ ወይም ለአእምሮ ሕመም የሚወሰድ መድኃኒት ግን በራስ ፈቃድ አይቋረጥም፤ ሐኪሙ ለእርግዝና በሚስማማ ይቀይረዋል።

በየ3 ወሩ የሚሰጠው የእርግዝና መከላከያ መርፌ ያመክናል የሚለው ወሬ ብዙ ቤት አፍርሷል። አያመክንም፤ ያዘገያል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለመፀነስ በአማካይ ከ9 እስከ 10 ወር ይፈጃል። ስለዚህ ልጅ በመጪው ዓመት የምትፈልጉ ከሆነ መርፌውን አሁን አቁማችሁ እስከዚያ በክኒን ወይም በኮንዶም ቆዩ። ክኒን፣ በክንድ የሚቀበረውና ሉፕ ከቆሙ ወይም ከወጡ በኋላ አቅሙ ቶሎ ይመለሳል።

ጠበል የሚጠጣ ሰው ሕክምናውን ሳያቋርጥ ይጠጣ። ኮሶና ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ግን ልጅ በምትጠብቅ ሴት አይወሰድም፤ ኮሶ ራሱ መርዛማነት አለው።

ደረጃ 6፦ ክብደትና ገበታ

ክብደታችሁን በኪሎ ግራም፣ ለቁመታችሁ በሜትር ሁለት ጊዜ አካፍሉት። 1.60 ሜትር ቁመትና 80 ኪሎ ያላት ሴት፦ 80 ለ1.60 ሲካፈል 50፣ እንደገና ለ1.60 ሲካፈል 31 ይሆናል። ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ ነው፤ ከ30 በላይ እንቁላል መውጣትን ያዛባል። ይህች ሴት ወደ ጤናማው ወሰን፣ ማለትም ወደ 64 ኪሎ ገደማ፣ መውረድ አይጠበቅባትም፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ማለትም ከ4 እስከ 8 ኪሎ መቀነስ ብቻውን ብዙ ጊዜ የጠፋውን ዙር ይመልሳል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ይበቃል። በጾም ወጥ የሚጨመረው ዘይት አሳሳች ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ አለው፤ እየደፉ ሳይሆን በማንኪያ እየለኩ መጨመር ነው። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይጨመርበት።

ከ18.5 በታች የሆነች ሴት ተቃራኒው ያስፈልጋታል። በየቀኑ የምትሮጥና በደንብ የማትበላ ሴት የወር አበባዋ ሲቆም ሰውነቷ «ምግብ አነሰ» እያለ ነው፤ ሩጫውን ቀንሳ ምግቡን ትጨምር።

ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ከአሁን ጀምራ እርግዝናው 12 ሳምንት እስኪሞላ ትውሰድ። የሕፃኑ የአንጎልና የጀርባ አጥንት ቱቦ የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት፣ ብዙዎች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ስለሆነ ከፀነሱ በኋላ መጀመር ያረፍዳል። ቀድሞ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ የወለደች፣ ስኳር ያለባት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከፍ ያለ፣ በሐኪም የሚታዘዝ መጠን ያስፈልጋታል።

ምስር፣ ጎመን፣ ሽምብራና የጤፍ እንጀራ ብረት አላቸው፤ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ሲጨመርበት ሰውነት ይበልጥ ይወስደዋል። ሰሊጥ፣ ሱፍና የዱባ ፍሬ ለዘር የሚያስፈልገውን ዚንክ ይሰጣሉ። ቫይታሚን ቢ12 ግን በእህል አይገኝም፤ አጽዋማቱን ሁሉ የምትጾሙ ከሆነ ከባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ በክኒን መሙላት ነው። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ይጨመር፤ ፀሐይና ረጅም እሳት አዮዲኑን ያተኑታል።

ከዚያ በኋላ

90ው ቀን ሲሞላ የባልን ምርመራ በዚያው ቤተ ሙከራ ድገሙ፤ የሁለት ቤተ ሙከራ ቁጥር አይነጻጸርም። ከተሻሻለ ቀጥሉ። ካልተሻሻለ፣ ወይም የተሰጣችሁ ጊዜ ካለቀ፣ ወደ ስፔሻሊስት ነው። በመንግሥት በኩል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር ያለው የሥነ ተዋልዶ ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ በላብራቶሪ የማስፀነስ አገልግሎትም ይሰጣል።

ስትሄዱ ሁለታችሁም ሂዱ። የያዛችሁት ወረቀት ላይ የ6 ዙር መጀመሪያ ቀኖች፣ የሁለቱ የዘር ምርመራ ውጤቶች፣ ያለፈ ትኩሳትና ቀዶ ሕክምና ከነቀኑ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ሁሉ፣ የመጨረሻው የመከላከያ መርፌ ቀን ይኑር። ጫትና መጠጥን በተመለከተ እውነተኛውን መጠን ጻፉ፤ ሐኪሙ መድኃኒት የሚመርጠው በነገራችሁት ላይ ተመሥርቶ ነው። በሌላኛው ፊት ለመናገር የምታፍሩት ነገር ካለ ለየብቻ መግባትን መጠየቅ ይቻላል።